የእኔ ምርጊት፣ የሰው ግድግዳ

«ጭቃ ነው እኮ! ለጭቃ ይኸን ያህል ትናደጃለሽ?» ይሉኛል። የወረታውን ቤት ባነሣሁ ቁጥር የምሰማው ይኸንኑ ነው። ልጆቼም ይሉኛል፣ ጎረቤትም ይለኛል። እኔ ግን አርጅቼም አልበረደልኝም። እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ወረታ የገባነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ነው። ባለቤቴ መምህር ነበር። ከጎንደር ተዛውሮ ሲመጣ እኔን ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ከጭነት መኪና ላይ፣ በጆንያ መካከል ተቀምጠን፣ አቧራ ለብሰን ወረድን። ያን ጊዜ ወረታ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኙበት፣ ቆርቆሮና ሣር ክዳን የተቀላቀለበት፣ በገበያ ቀን ብቻ ከተማ የሚመስል ቦታ ነበር። የሚከራይ ቤት የለም። ቢፈለግ ቢፈለግ አንድ ተገኘ። እሱም ቤት አልነበረም፤ የቆዳ ማከማቻ ነበር።

አከራያችን በፎገራ ሜዳ ላይ ሰፊ መሬትና ብዙ ከብት የነበራቸው፣ ካፖርታቸውን በሙቀት እንኳ የማያወልቁ ሰው ናቸው። ትልቁንም ትንሹንም «ልጄ» ይላሉ። እስከ ዛሬ አንቱ ከማለት አልወጣሁም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። አንቱ እያሉም መናደድ ይቻላል።

በሩን ሲከፍቱት አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ወጣ። ምርጊቱ ረግፎ እንጨቱና ማገሩ ይታያል። ወለሉ ላይ የቆዳ ጨው ተጋግሯል። ጥግ ላይ ሁለት የእንጨት ፎቴዎች ተገልብጠው ወድቀዋል። ጣልያን ጥሏቸው ሄዶ መሆን አለበት። ጨርቃቸው ተበጣጥሷል፣ የሽቦ ሞላቸው ወጥቷል፣ አይጥ ወልዳ አሳድጋባቸዋለች።

«ጌታዬ፣ እንደምንም አጽድቼ፣ መርጌ ልግባበት?» አልኋቸው።

«እንደ ወደድሽ አርጊው ልጄ። ከእንግዲህ ቤቱ የናንተ ነው» አሉኝ።

«እነዚህ ወንበሮችስ?»

«ማገዶ ይሁኑሽ» ብለው በእግራቸው ገፋ አደረጓቸው።

ይኸን ሲሉ ባለቤቴ አጠገቤ ቆሟል። አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ሙስሊም ባለሱቅም ቁልፉን ይዞ ያመጣልን እሱ ነበርና ቆሞ ይሰማል። ቃላቸው ይኸው ነው፤ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።

ወለሉን በአመድና በፈላ ውሃ ፈተግሁት። ወይራ አጤስሁበት። ሽታው ጋብ ሲል ወደ ግድግዳው ዞርሁ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለ ነበር በቤታችን የእጅ ሥራ የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። ጳጉሜ በመጣ ቁጥር ቤታችንን ራሷ ትመርግ፣ ራሷ ትለስን ነበር። «ግድግዳ እንደ ሊጥ ነው፤ ሳይቦካ ከለጠፍሽው ይከዳሻል» ትለኝ ነበር። እኔም እንደ እሷ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ከደጃፋችን አፈር ቆፍሬ፣ ጭድ ጨምሬ እረግጥ ጀመር።

የባለሱቁ ሚስት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ አየችኝ። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ትላለች። ሳቋ ከፊቷ የማይጠፋ ሴት ናት።

«አንቺዬ፣ የሜዳውን አፈር ይዘሽ ነው እንዴ?» አለች።

«ምን አለበት?»

«በጋ ሲገባ ሜዳውን አላየሽውም፤ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ነው። በግድግዳሽ ላይም እንደዚያው ይከፈትልሻል። ነገ ጧት አህያ አበድርሻለሁ፤ ወደ ደብረ ታቦር በኩል ወጣ ብለን ቀይ አፈር እናመጣለን።»

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ጓደኝነታችን የተጀመረው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ከኮረብታው ሥር ቀዩን አፈር ቆፈርን። ስንመለስ ጎርፍ ከሸረሸረው ገደል ላይ ደግሞ ቢጫ ሊባልም ነጭ ሊባልም የማይችል፣ ለስላሳ አፈር አገኘሁ። በእጄ አሸት አደረግሁትና ያን ጊዜ ቤቱ በዓይኔ ላይ ተሣለ።

የፎገራ ሰው ቀለም የሚጠራው በከብቱ ነው። ዳማ ይላል፣ ቡላ ይላል፣ ዳለቻ ይላል። እኔም ቤቴን እንደዚያው ሠራሁት። ከወለል እስከ ወገብ ድረስ ያለውን ግድግዳ በቀዩ አፈር ዳማ አደረግሁት። ከዚያ በላይ በገደሉ አፈር ቡላ ለሰንሁት። የበሩንና የመስኮቱን ዙሪያ አመድ ቀላቅዬ ዳለቻ ከፈፍሁት። የመጨረሻውን ልስን በወንፊት በተነፋ አፈርና በተልባ ውሃ አቅጥኜ ቀባሁና፣ ገና እርጥብ ሳለ በለስላሳ ድንጋይ አሸሁት። ሲደርቅ እንደ ታጠበ ሸክላ ያበራ ነበር።

ሰው ሁሉ «ኖራ ቀቢው፤ ነጭ ሲሆን ያምራል» ብሎኝ ነበር። ባለቤቴም ራሱ ኖራ አማረው። ግን የፎገራን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሜዳው ጥላ የለውም። ሰው ከውጭ ሲገባ ዓይኑ ታውሮ ነው የሚገባው። እኔ የፈለግሁት ዓይን የሚያርፍበት ቤት ነበር። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ጫማውን አወለቀ። አውልቅ ያለው ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ፎቴዎቹ መጡ። ማገዶ ተብለው የተሰጡኝን ነገር እንዴት እንዳላቃጠልኋቸው እኔም አላውቅም። ጎንደር ሳለሁ እንደዚያ ያለ ወንበር በሆቴል በር በኩል አይቼ አውቃለሁ፤ ተቀምጬበት ግን አላውቅም። አንዱን አገላብጬ የተረፈውን ጨርቅ ፈታሁና ከሥሩ ምን እንዳለ አየሁ። ከታች ማሰሪያ፣ ከዚያ ሞላ፣ ከዚያ ሣር፣ ከላይ ጠጉር ነበር። ሞላው ዝጎ ተሰባብሯል፤ በእሱ ፋንታ እንደ አልጋ በጠፍር ወጠርሁት። የፎገራ በሬ ጠፍር እንደሆነ አይረግብም። ከጉና በኩል ለገበያ ከሚወርዱት ደገኞች የበግ ጠጉር ገዛሁ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደ ጥጥ በደጋን ነደፍሁት። የባለሱቁ ሚስት አብራኝ እየነደፈች «ይኸን ሁሉ ልትቀመጪበት ነው? እኔ ብሆን እለብሰው ነበር» ትለኝ ነበር።

ለልባሱ ያልተነከረ ባና ፈለግሁ። በጉ እንደ ተፈጠረበት፣ ጠይም ሆኖ ነጭ ጭረት ያለበት። አንዲት ደገኛ ሴት ለቤቷ ያሠራችውን ከትከሻዋ አውልቃ ሸጠችልኝ። የልብስ መኪናውን በሱቁ በረንዳ ላይ ያስቀመጠው ባለሱቁ ጎረቤታችን መርፌ እየተሰበረበት ሰፋልኝ። «ባና በልብስ መኪና አይሰፋም እቴ! ይኸ የድንኳን ሥራ ነው» እያለ ይስቃል፣ ይሰፋል። ጥጉን ጥጉን እኔ በጆንያ መርፌ ጨረስሁት። ለግድግዳው ጥግ ደግሞ መደብ ሠርቼ፣ ከተረፈው ጠጉር ትራስ ሞልቼ ደረደርሁበት።

ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቴው ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ላይ ነበር። «ወደ ኋላህ ተደገፍ እንጂ፤ አይነክስህም» አልሁት። ተደገፈ። ዓይኑን ጨፈነ። «እንደዚህ ሆኖ ደብተር ማረም ይቻላል?» አለኝ። እኔም በሁለተኛው ላይ ተቀመጥሁ። ባልና ሚስት ትይዩ ተቀምጠን ሣቅን። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ ስለማስታውሰው ነው የኋለኛው ነገር እንዲህ የሚያቃጥለኝ።

ወሬው ወጣ። ሰው ሊያይ ይመጣ ጀመር። መምህራኑ መጡ፤ ከሐሙሲት የመጣች የአንዱ መምህር እናትም ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች መረቀችኝ። በመጨረሻ አከራያችን ከነሚስታቸው መጡ። እሜቴ ቀይ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። እሳቸው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አከራያችን ፎቴው ላይ ተንሰራፍተው፣ ጠላቸውን ጠጥተው፣ ሁለት እጃቸውን በመደገፊያው ላይ ዘርግተው ቤቱን ዞር ዞር እያሉ አዩት።

«ይኸማ ቤት ሆነ!» አሉ።

«የእግዜር ሥራ ነው ጌታዬ» አልሁ እኔ ሞኟ። የገዛ እጄን ሥራ ለእግዜር ሰጥቼ።

እሜቴ ሲወጡ የፎቴውን ክንድ በጣታቸው ጫፍ ነክተው አለፉ።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። አከራያችን በመንገድ ላይ አስቁመውት ኖሯል። ከደብረ ታቦር አንድ ሹም ተመድቦ ይመጣል። ለሹሙ የሚመጥን ቤት ያስፈልጋል። በወረታ ለሹም የሚመጥነው ደግሞ ይኸ ቤት ነው።

«ትናንት የቆዳ ማከማቻ አልነበረም?» አልሁት።

«አሁን ግን አይደለም።»

«አሁን ያልሆነው በማን ምክንያት ነው?»

ጫማውን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ሌላስ ምን አሉህ?»

አንገቱን ደፋ። «ፎቴዎቹም ከቤቱ ጋር ይቆያሉ ብለዋል። ንብረታቸው ስለሆኑ።»

ያን ጊዜ ሳቄ መጣ፤ ሳቄ ደግሞ ሲመጣ ከንዴት ነው። «ማገዶ ያሉትን? ያን ዕለት አቃጥያቸው ቢሆን አመዱን ሊጠይቁኝ ነበር?»

«ተይው በእግዜር» አለኝ። «ሹሙ ነገ ከትምህርት ቤቱ ጋር ጉዳይ ይኖረዋል። እኔ እንግዳ ነኝ። የማን ድጋፍ አለኝና ነው?»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ደሞዝተኛ ነበር። ደሞዝተኛ ደግሞ ከራሱ ቤት ውስጥም ቢሆን የሚናገረው ዝቅ ብሎ ነው። እኔ ግን «አልተወውም» አልሁ። በጧት ተነሥቼ አከራያችን ዘንድ ሄድሁ። ከብት ሲያስቆጥሩ አገኘኋቸውና «ጌታዬ፣ ቤቱ የናንተ ነው ብለውኝ አልነበረም?» አልኋቸው።

«እንዴት ያለች ልጅ ናት! ቤት የባለቤቱ ነው እንጂ የተከራይ ይሆናል? አባባል ነው።»

«ወንበሩንም ማገዶ ይሁንሽ ብለውኛል።»

«ታዲያ አላነደድሽውም» አሉና ወደ ከብታቸው ዞሩ።

ሽማግሌ ጠራሁ። ሴት ልጅ፣ ያውም መጤ፣ ሽማግሌ ስትጠራ ነውር ነው ያሉኝ ነበሩ። ነውሩን ተቀበልሁት። ሦስት ሆነው መጡ። አንዱ ከሜዳው ደብር የመጡ መምሬ፣ አንዱ በገበያው የታወቁ፣ ሐጂ የምንላቸው አዛውንት ሙስሊም ነጋዴ፣ ሦስተኛው እንደ አከራያችን ባለመሬት የሆኑ ሰው። አከራያችንም መጡ። ጎረቤታችን ባለሱቅ ምስክር ሆኖ በር ላይ ቆመ፤ ሚስቱ ከኋላው።

አሁንም የማይዋጥልኝ ነገር የት እንደ ተቀመጡ ነው። መምሬና ባለመሬቱ በሁለቱ ፎቴዎች ላይ ተቀመጡ። አከራያችንና ሐጂው መደቡ ላይ፣ የእኔን ትራስ ተደግፈው። እኔ የምከሰው ሰው በእኔ ትራስ ተደግፎ፣ እኔ ቆሜ፣ ስለ እኔ ቤት ተመከረ።

ነገሩን ተናገርሁ። ባለሱቁም «በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እንደ ወደድሽ አርጊው፣ ወንበሩን ማገዶ አርጊው ብለዋል» ብሎ መሰከረ። አከራያችን ዕቃ የሚገዙት ከእሱ ሱቅ ነው፤ መመስከሩ ቀላል አልነበረም። ሐጂው ብቻ «ማገዶ ይሁን ያሉት ነገር ተሰጠ ማለት ነው» ብለው ነበር፤ ሌሎቹ ድምፃቸውን ዋጡት። በሹክሹክታ ተነጋገሩ። ከዚያ መምሬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፍርዱን ሰጡ።

«ልጄ፣ ግድግዳው የባለቤቱ ነው። በግድግዳው ላይ ያለው ምርጊትም ከግድግዳው አይለይምና የባለቤቱ ነው። የወንበሩም እንጨት የባለቤቱ ነው። በበኩልሽ የደከምሽበት አለ፤ አልካድንም። ጭቃ ግን ምን ይባላል ልጄ? ከመሬት የመጣ ነው፤ መሬቱ ደግሞ የእሳቸው ነው። ይቅር ተባባሉ።»

ባለመሬቱ «እውነት ነው» አሉ። አከራያችን ፂማቸውን ዳበሱ።

ያን ጊዜ ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። «አባቴ፣ አንድ ቃል ልናገር» አልኋቸው። «ጭቃ ሹም ሲመጣ ሁላችሁም ከመቀመጫችሁ ተነሥታችሁ ትቀበሉታላችሁ። ጭቃ ከንቱ የሚሆነው በሴት እጅ ሲሆን ነው? መሬቱስ የማን ነው? ቀዩ አፈር የመጣው ከደብረ ታቦር መንገድ ነው፤ ቡላው ከገደል ነው። አንድ እፍኝ እንኳ ከእሳቸው መሬት የለበትም። የእሳቸው መሬት ይሰነጠቃል!»

በር ላይ የባለሱቁ ሚስት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። መምሬ ተቆጡ። «ተይ! ፍርድ ተሰጥቷል» አሉ።

«እሺ፤ ፍርዱን ተቀብያለሁ» አልሁ። «እንጨቱ የእሳቸው ነው ብላችኋል። ጠፍሩ፣ ጠጉሩና ባናው የማን ነው?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሐጂው ቀድመው «የልጅቱ ነው» አሉ። ሌሎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው ጌቶቼ፣ ከተቀመጣችሁበት ተነሡልኝ።»

እኔ ካራ አምጥቼ ከመምሬ ፊት ተንበርከክሁ። ያን ጊዜ ተነሡ፤ በእጃቸው መስቀላቸውን ይዘው፣ ፊታቸው ቀልቶ። የባናውን ስፌት እተረትር ጀመር። ካራው አንድ ሁለቴ ስቶኛል። ድንገት ከጎኔ ሌላ የመተርተር ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ባለቤቴ ነው። ያ ሲፈራ የነበረ ሰው በሁለተኛው ፎቴ ፊት ተንበርክኮ፣ በሰንጢው ስፌቱን ይፈታል። ቀና ብሎ ማንንም አላየም። ጠጉሩን በአንሶላ ቋጠርን። ጠፍሩን ከእንጨቱ ላይ አንድ በአንድ ፈታን። አከራያችን «ኧረ እናንተ ሰዎች! ኧረ ነውር ነው!» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን እየፈለጉ ወጡ። ቤቱ መካከል ሁለት የእንጨት አጽም ቀረ።

ግድግዳውንም ልፍቀው አሰብሁ። ሁሉም ከወጣ በኋላ ካራውን በቡላው ልስን ላይ አሳረፍሁና አንድ ጭረት ጫርሁ። ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። ስለ እሳቸው አላዘንሁም። ሥራው ጥሩ ስለነበረ ነው።

ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ገባን። ባለሱቁ ሲያስገባን «በሰው ፊት እንድናገር ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ቀለደብኝና፣ እውነትም አላፊ አግዳሚውን ጠርቶ «እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ካልወጡ ማንም አያስወጣቸውም! የመረጉት ሁሉ የራሳቸው ነው!» ብሎ ጮኸ። ገበያ ላይ ለሳምንታት ተሳቀበት። እኔን አላሳቀኝም፤ አስለቀሰኝ።

ሹሙ መጣ። አከራያችን የእኔን ግድግዳ ለሹም የሚመጥን ለማድረግ ከጎንደር የዘይት ቀለም አስመጥተው ሰማያዊ ቀቡት። ዳማውን፣ ቡላውን፣ ሁሉንም። ያማረውን ሊወስዱ አስወጡኝ፤ ከወሰዱ በኋላ አጠፉት። ታዲያ የፈለጉት ምኑን ነበር? ጭቃ ደግሞ ይተነፍሳል፤ በዘይት ሲያፍኑት ያልባል። ክረምት ገብቶ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሲሆን፣ ሰማያዊው ቀለም እንደ ተላጠ ገላ በየቦታው ተንከረፈፈ። ሹሙ ቤቱ ይሸታል ብሎ ሌላ ቦታ ገባ። ሰዎች «ደስ ይበልሽ» አሉኝ። ምን ደስ ይለኛል? የተላጠው የእኔን ልስን ይዞ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲጠና፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሜቴ፣ የአከራያችን ሚስት፣ ብቻቸውን መጡ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ደነገጥሁ። አዲሱን ቤቴንም ዳማና ቡላ ለስኜው፣ መደብ ሠርቼ ያን ጠጉርና ያን ባና አንጥፌበት ነበር።

«ልቀመጥ?» አሉኝ።

«ይቀመጡ እንጂ እሜቴ፤ ምን ጥያቄ አለው?»

ተቀመጡ። ትንሽ በትንሽ ወደ ኋላ ተደገፉ። ባናውን በጣታቸው እየዳበሱ «ቤቱን የፈለገችው ሚስቴ ናት እያሉ ያወራሉ አሉ» አሉኝ።

እውነትም አከራያችን «ሴቶቹ ናቸው ያጣሉን፤ የእኔዋ ቀንታ ነው» ብለው ለሰው አውርተው ነበር። እኔም በልቤ አምኜላቸው ኖሯል።

«ውሸት ነው» አሉ እሜቴ። «አንድም ቀን ምን ትፈልጊያለሽ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። ከተዳርሁ ጀምሮ ቤቴ ውስጥ የመረጥሁት አንድ ዕቃ የለም። ወንበሩም፣ አልጋውም፣ ደጃፉም የእሳቸው ነው። እኔ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። ያን ቀን ያንቺን ወንበር ነክቼ ስወጣ፣ ይኸ የሴት እጅ ሥራ ነው ብዬ ነው የነካሁት።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ንዴቴ የራሴ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ንዴት ይዘው፣ ድምፃቸው ሳይሰማ ኖረዋል።

«አንድ ክፍል አለችኝ፤ ከጓዳው ጎን» አሉ። «መጥተሽ ትመርጊልኛለሽ?»

«እሜቴ፣ በእሳቸው ግድግዳ ላይ እጄን ዳግመኛ አላሳርፍም። ይማሩኝ። እርስዎ ራስዎ እንዲሠሩት ግን አስተምርዎታለሁ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ጭቃ ልረግጥ?»

«እናቴ እስክትሞት ረግጣለች።»

ዓይናቸው እንደ ልጅ አበራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አከራያችን ወደ ሜዳው ሲወርዱ እሳቸው ወደ እኛ ጓሮ ይመጡ ነበር። የባለሱቁ ሚስት አፈሩን ትነፋለች፤ እኔ አሳያለሁ፤ እሜቴ ያን ቀጭን እጃቸውን እስከ ክንድ ጭቃ ውስጥ ይከታሉ። መጀመሪያ ተጸየፉ፤ ኋላ መውጣት እምቢ አሉ። በዳለቻ ላይ ዳማ ከፈፍ መረጡ። እኔ ያን አልመርጠውም ነበር፤ ግን ክፍሉ የእሳቸው ነው። መደባቸውንም በጠጉር ሞልተው ራሳቸው ሰፉት።

አከራያችን ሲያዩ ቤቱን አናወጡት። ሠራተኛ ሞልቶ ሳለ የጌታ ሚስት እንደ ገረድ ጭቃ ስትረግጥ ሰው ቢያይ ምን ይለኛል ብለው ነው። ለእኔም መልእክት ላኩ፤ ሚስቴን አበላሸሽ ብለው። መልስ አልላክሁም። ባለቤቴ «ንገሪያቸው፤ ቤት አሳመርን እንጂ ሰው አላበላሸንም» አለኝ። ያን ዓይነት ንግግር ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወረታን ከመልቀቃችን ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የባለሱቁ ሚስት እጇ የተነፋ አፈር እንደ ለበሰ፣ ሣቋ እያነቃት እየሮጠች መጣች። በአከራያችን ቤት ከአንበሳሜ የመጡ የተከበሩ እንግዶች ነበሩ። ጌታው እንግዶቹን ለማስቀመጥ የተሻለ ቦታ ሲፈልጉ የእሜቴ ክፍል ትዝ አላቸው። መጋረጃውን ገልጠው «ውጪ፤ እንግዳ ይግባበት» አሏቸው። እሜቴ ከመደባቸው ሳይነሡ፣ በዚያች በማትሰማ ድምፃቸው «አልወጣም» አሉ። «ጌታው ዳግመኛ ተቆጡ። እሜቴም ዳግመኛ ‹አልወጣም› አሉ። እንግዶቹ ውጭ ጥላ ሥር ጠጡ!» አለችኝ።

እሷ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። ስቄ ግን አልጨረስሁትም። ያችን አንዲት ቃል ለመናገር ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁት ለምንድን ነው? አንዲት ሴት በገዛ ቤቷ ለመቀመጥ መጀመሪያ ግድግዳውን በእጇ መሥራት አለባት? ይኸን ለባለሱቁ ሚስት ብነግራት ሳቋን አቋረጠች። የነፋችውን አፈር ከእጇ ላይ እያራገፈች «እኔም የኛን ሳሎን ልጀምር ነው» አለችኝ፤ «እሱ ኖራ ይሻላል ቢልም።»